የሳሎማ የአጃ ፓይ

የወንድሜ ሚስት ሳሎማ ትዕቢትን አጥብቃ ትጠላለች፤ የሌላ ሰው ትዕቢት ከሆነ ማለቴ ነው። አንዲት ልጅ ፀጉሯ እንዲታይ ቆቧን ሁለት ጣት ወደ ኋላ ገፋ ካደረገች ከንፈሯን ትመጥጣለች። ሊጥ ውስጥ የምትጋግረውን ጣፋጭ የአጃ ፓይዋን ግን "ኧረ ምኑ ይበላል!" እያለች ታቀርብና ሦስት ሰው እስኪያሞግሳት ከጠረጴዛው ንቅንቅ አትልም። ፓዩ ደግሞ የእናቴ ነው። ሳሎማ በምራትነት ስትመጣ፣ ምንም ሳትደብቅ ያስተማረቻት እናቴ ናት።

በአሜሪካ ገጠር እንደ ጥንቱ በምንኖረው ክርስቲያኖች፣ በእኛ በአሚሾች ዘንድ ወንድ ልጅ ሲያገባ ወላጆቹ ትልቁን ቤት ለቀው ጓሮ ወዳለችው ትንሽ ቤት ይገባሉ። ልጁ ሲያገባ ወንድሜም ትንሿን ቤት ሠራ፤ ከጨረሰ ሁለት ዓመት ሆነው። ሳሎማን ግን ከዚያ ማድቤት የሚያወጣት ጠፋ። ምራቷ ኤድና ከኢንዲያና የመጣች ዝምተኛ ልጅ ናት፤ በገዛ ቤቷ ድስት የምታነሳው አስፈቅዳ ነው።

"ልጅቷ ገና ናት" ትላለች ሳሎማ፣ ላገኘችው ሁሉ። "የማኅበሩን ምሳ ብቻዋን አሰናድታ ካየሁ፣ በማግስቱ እወጣላታለሁ።"

የእሑድ ጸሎታችንም ምሳውም በየቤቱ በተራ ነው፤ በመስከረም ተራው የነሱ ሆነ። ኤድና አሥራ ስምንት የአጃ ፓይ ልትጋግር አስባ አሠራሩን ጠየቀቻት። ሳሎማም በእጇ ጽፋ ሰጠቻት።

ከጸሎት በኋላ ፓዩ ተቆረጠ። ላዩ ያማረ ነበር፤ ቢላዋው ሲገባ ግን ውስጡ እንደ አጥሚት ፈሰሰ። በእኛ ወግ ሳህን ላይ የቀረበ አይመለስምና ወንዶቹ በማንኪያ ጠጡት። ኤድና እስከ ጆሮዋ ቀላች። ሳሎማ ያዘነች መስላ ራሷን ነቀነቀች፤ ዓይኗ ግን ይስቅ ነበር። የማትረባ!

ዕቃ ስናጥብ የማኅበራችን መሪ ሚስት ፋኒ ወደ ኤድና ጠጋ አለች።

"አይዞሽ የኔ ልጅ። ማን ነው ያስተማረሽ?"

"እማማ ናቸው። የሳቸውስ ሙያ የታወቀ ነው፤ እኔ ነኝ ያበላሸሁት" አለችና ወረቀቱን ከሽርጧ ኪስ አወጣች። ልጅቷ ተንኮል አታውቅም፤ ጥፋቱን ወደ ራሷ መውሰዷ ነበር።

ፋኒ መነጽሯን አድርጋ አነበበች። ቅቤው፣ ሽሮፑ፣ ስኳሩ፣ አጃው ሁሉ በልኩ ነበር።

"ለአንድ ፓይ አንድ እንቁላል? ሳሎምዬ፣ ሦስት አይደል እንዴ? በአንድማ መቼ ይረጋል?"

ሁላችንም ዞረን ሳሎማን አየናት። ሳሎማ ሆን ብላ እንደጻፈችው ካመነች፣ በሚቀጥለው ጸሎት በሰው ሁሉ ፊት ተንበርክካ መናዘዝ አለባት። ሳሎማና መንበርከክ!

"ረስቼው ነው መሰለኝ" አለች ቀስ ብላ።

"ውይ የኔ እናት!" ፋኒ ከልቧ አዝና አቀፈቻት። "ሠላሳ ዓመት የጋገርሽውን? ደክሞሻል እኮ! እኛም አይተን ዝም አልንሽ። በቃ፣ ነገ ወንዶቹን እልካለሁ፣ ዕቃሽን ያወጡልሻል። ከእንግዲህ እረፍት ይገባሻል።"

ሰኞ ጠዋት አሥራ አንድ ሰው መጣ። ምሳ ሳይደርስ አልጋውም ቁም ሳጥኑም ትንሿ ቤት ገባ። እኔ የግድግዳ ሰዓቷን ታቅፌ ተከተልኳት። በሩ ላይ ስትደርስ ዞራ እጄን ያዘችኝ።

"እኔ እንደሆነ አልጃጀሁም፤ አንቺ ታውቂያለሽ።"

"አሳምሬ አውቃለሁ" አልኳት። "ሂጂና ለፋኒ ንገሪያት።"

ሰዓቱን ከእጄ ወስዳ ገባችና በሩን ዘጋችው።