ወለቴ በአረንጓዴ የጻፈቻቸው ገጾች

ወለቴ ጨለለቂ ሰፈር ደብተርና እስክሪብቶ፣ ሳሙናና ክብሪት ስትሸጥ ኻያ ሦስት ዓመት ኖራለች። ከባሏ ከተድላ ጋር ከጉራጌ አገር ተነሥታ ነቀምት የገባች ጊዜ ኦሮምኛ አንድ ቃል አታውቅም ነበር። ተድላ በወባ የሞተባት ዕለት ግን ለቅሶ የደረሰውን ሁሉ በኦሮምኛ አመስግና ሸኘች። ልጅ አልነበራቸውም። ትምህርቷ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ሰፈርተኛው ሲጠራት «ያቺ ዝምተኛዋ ባለሱቅ» ይላል። ይህች ዝምተኛ በአንድ ወቅት በሦስት ከተማ የምትነበብ ሰው እንደ ነበረች የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ከሚያውቁትም ዛሬ ማንም አያነሣውም።

ነገሩ የተጀመረው በ1967 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። ነመራ ጉሉማ የሚባል የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ከነቀምት ወደ ትውልድ ከተማው ወደ አኖ ተዛወረ። አኖ ውስጥ መጽሐፍ አንብቦ የሚያወራው ሰው አጣ። ስለዚህ ደብተር ገዝቶ መጀመሪያው ገጽ ላይ የአኖን የሳምንት ወሬ ጻፈና በአውቶቡስ ረዳት እጅ ለወለቴ ላከላት። ነቀምት ሳለ ሱቋ ቁጭ ብሎ ሲጫወት ያመሽ ነበርና ያምናታል። «አንብቢው፤ ያንቺን ጻፊበት፤ ከዚያ ለየሺአረግ አሳልፊ» ይላል። የሺአረግ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ናት። እሷም የራሷን ገጽ ጻፈችና ኑኑ ቁምባ ክሊኒክ ለሚሠራው ድሬሰር ለተረፋ በገበያ መኪና ላከችው። ተረፋ ጽፎ ለወለቴ መለሰ፤ ወለቴ ወደ አኖ ሰደደችው። ደብተሩ ሲሞላ በአዲስ እየተተካ፣ የሞላው ወለቴ ዘንድ እየተቀመጠ፣ እንዲህ ሲዞር ሦስት ዓመት ሆነው።

ሕግ ነበራቸው። ማንም በስሙ አይጽፍም። ነመራ «ጉንዳኑ» ነው፣ ተረፋ «ፋኖስ»፣ የሺአረግ «ባለ ጃንጥላዋ»፣ ወለቴ «ሚዛን»። ለእያንዳንዱ የቀለም ዓይነት ተሰጠው፤ የጉንዳኑ አረንጓዴ ነበር። ከእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ደግሞ አራት ጣት የሚያህል ባዶ ይተዋል፤ ሌሎቹ መልስ የሚጽፉት እዚያ ላይ ነው። ጣዕሙ ሁሉ ያለው እዚያ ነበር።

«አኖ ላይ ሰኞ ዕለት ሁለት ነገር ሆነ» ብሎ ጻፈ ጉንዳኑ፤ «ዝናብ ዘነበ፤ ዳኛውም ወደቁ።»

ፋኖስ ከግርጌ፦ «የወደቁት ከበቅሎ ነው ከሥልጣን?»

ባለ ጃንጥላዋ፦ «ከሁለቱም እንዲሆን ጸልዩ።»

ሚዛን፦ «በቅሎዋ ደኅና ናት ወይ?»

ወለቴ ስለ ደንበኞቿ ትጽፍ ነበር። ሳሙና ሊገዛ ገብቶ የሚስቱን ሞት አውርቶ ሳሙናውን ረስቶ ስለወጣው ሰው የጻፈች ጊዜ፣ ተረፋ በቀይ «ሚዛን ሆይ፣ ይህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት» ብሎ መለሰላት። እሷ ይህቺን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበበቻት እንጃ። ተድላ ከሞተ በኋላ አንድ ሰው ስለ እሷ የተናገረው የመጀመሪያው በጎ ቃል ነበር።

ከዚያ ዘመኑ ከፋ። በ1969 ገጾቹ እያጠሩ ሄዱ። የሺአረግ ከሰልፍና ከስብሰባ ስትመለስ ስለ ብርድና ስለ ሙቀት ብቻ ትጽፋለች፤ ቆይታ እሱንም ተወችው። ተረፋ ግማሽ ገጽ ጽፎ ግማሹን ይሰርዛል። በ1970 ጥቅምት፣ አንድ ማክሰኞ፣ ነመራ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ቤቱ ሳይደርስ ቀረ። አስከሬኑ አልተገኘም፤ እስር ቤትም የለም። አባቱ ኦቦ ጉሉማ በየሐሙሱ ስንቅ ቋጥረው ነቀምት ይመጣሉ። የእስር ቤቱ ዘበኛ ዝርዝሩን አይቶ «እዚህ የለም» ይላቸዋል። ስንቁን ይዘው ይመለሳሉ።

ደብተሩ ከኑኑ ቁምባ ሲመለስ ተረፋ አንድ መስመር ብቻ ጽፎበት ነበር፤ «ጉንዳኑ ከሌለ ምን ያደርግልናል? እኔ ይብቃኝ።»

ወለቴ ደብተሩን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ አንድ ሳምንት አየችው። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ከመደርደሪያው አረንጓዴ እስክሪብቶ አወረደች። የነመራ የእጅ ጽሑፍ ወደ ላይ እያዘመመ እንደሚሄድ ታውቃለች፤ ቀልዱንም ታውቃለች። ስለ አኖ ገበያ አሥራ ሁለት መስመር ጻፈች፤ መጨረሻው ላይ «ያለሁበትን አትጠይቁ» ብላ ጨመረችና ከአኖ እንደ መጣ አስመስላ ለየሺአረግ አሳለፈችው። ለራሷ ውሸት ነው አላለችውም። ሰው ወርዶ እስኪመለስ አውቶቡስ ላይ ቦታ እንደሚያዝለት፣ ቦታውን ያዝኩለት አለች።

ተረፋ ያንን ገጽ ሲያይ ቀይ ቀለሙን እንደ ደም አፈሰሰው። «ጉንዳኔ! አለህ እንዴ? አንተ ሌባ፣ አስለቀስከኝ!» የሺአረግም ስድስት ወር ሳትጽፍ ከቆየች በኋላ ጃንጥላዋን ዘረጋች፤ «እኔ ለቅሶ ልቀመጥልህ ልብስ ሳስጠቁር አንተ የበሬ ዋጋ ትነግረኛለህ?» ብላ ጻፈች። ደብተሩ ነፍስ ዘራ። ወለቴ ሦስት ገጽ ደገመች። የራሷን ገጽ ስትጽፍ የማትደፍረውን ሁሉ በአረንጓዴው ደፈረችው።

መጋቢት ላይ ተረፋ ለሥራ በአኖ ሲያልፍ ኦቦ ጉሉማን የስንቅ ከረጢታቸውን ይዘው መንገድ ዳር ቆመው አገኛቸው። አንጀቱ አልችል አለ። ሕጉን ጣሰና በጆሯቸው ነገራቸው፤ ልጅዎ አለ፣ ይጽፋል፣ ነቀምት ያቺ የጉራጌ ሴት ጋ ይደርሳል።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሽማግሌው ሱቋ ገቡ።

«አዴ ወለቴ፣ አካም ጅርታ? እንደምን አለሽ?»

«ነጋ፣ ደኅና ነኝ፣ ኦቦ ጉሉማ። ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። አንብቢልኝ።»

«ምኑን?»

«ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ እኔ መሃይም ነኝ እንጂ ደንቆሮ አይደለሁም። የልጄን አንብቢልኝ።»

እውነቱን መናገር የነበረባት ያኔ ነው። አፏን ከፈተች። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘዋል፤ ለጸሎት እንደሚቆሙት። ደብተሩን አውጥታ አነበበችላቸው።

«ይበላል ይላል?»

«ይበላል ይላል።»

«ስለ እኔስ?»

ወለቴ ገጹን ገለጠች። «አባቴ በየሐሙሱ መንገድ አይድከም ይላል።»

ሽማግሌው ያመጡትን ስንቅ ባንኮኒው ላይ አኑረውላት ወጡ። እያለቀሰች በላችው።

በእነ ኦቦ ጉሉማ ቤተ ክርስቲያን የምስጋና ሰዓት አለ፤ እግዚአብሔር ነገር ያደረገለት ሰው በጉባኤው ፊት ተነሥቶ ይናገራል። የተደረገለትን ሸሽጎ መቀመጥ እንደ መስረቅ ይቆጠራል። እሑድ ዕለት ሽማግሌው ተነሡ። «ልጄ በሕይወት አለ» አሉ። ጉባኤው «ዋቅኒ ሃ ገለቴፈሙ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ሰኞ ጠዋት ታጣቂዎች መጥተው ወሰዷቸው። ነመራን ጫካ የገባ ሽፍታ ብለው መዝግበውት ኖሯል፤ አሁን ያለበትን የሚያውቅ ሰው ተገኘ።

ወሬውን ለወለቴ የነገራት የአውቶቡሱ ረዳት ነው። ሽማግሌውን ነቀምት አምጥተው እየገረፏቸው መሆኑን፣ ማን ነገረህ ሲሏቸው «በጸሎት ሰማሁ» ከማለት በቀር እንዳልተናገሩ ነገራት። ስሟን አልሰጡም። ሦስት ቀን ሱቋን ዘግታ ተቀመጠች። ዝም ብትል ሽማግሌው ይሞታሉ። ሄዳ ብትናገር ተረፋና የሺአረግ ይያዛሉ፤ የተረፋ እጅ የሌለበት፣ የየሺአረግ ቀልድ ያላረፈበት ገጽ የለምና። መልስ የሚጻፍባት ያቺ አራት ጣት ሁሉንም እርስ በርስ ሰፍታቸዋለች።

በአራተኛው ቀን ሰባቱን ደብተሮች ከሰል ምድጃ ላይ አንድ ባንድ አቃጠለቻቸው። ሦስት ጊዜ የተነበበውም ገጽ ተቃጠለ። በአረንጓዴ የጻፈቻቸውን አራት ገጾች ብቻ አስቀረች፤ የእነሱንም ግርጌ በምላጭ ቆርጣ እሳት ውስጥ ጨመረችው። ከዚያ ሁሉ ጨዋታ የተረፈው የሐሰቱ ብቻ ሆነ። እሱን ይዛ ሄደች።

የታጣቂዎቹ አለቃ መገርሳ ደንበኛዋ ነበር፤ ለልጆቹ ደብተር ይገዛል።

«አንቺም? ሳሙና ሻጯ?» አላት። «ምን ጎደለሽና ነው?»

«ሽማግሌው ምንም አያውቁም። ልጁ አልጻፈም። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«ለምን?»

«ደብተሩ እንዳይቆም ብዬ» አለች። በክፍሉ ያሉት ሁሉ ሳቁ።

እግሯን ገረፏት፤ ከዚያ ወረቀት ሰጧት። «ጻፊ።» ጻፈች። አሁንም «ጻፊ» አሏት። የእጅ ጽሑፉ ያው መሆኑን ሲያይ መገርሳ አመነ። ማመኑ ግን አናደደው፤ የያዘው ሽፍታ በአንዲት ባለሱቅ ጣት ውስጥ አለቀበት። ሽማግሌውን አስጠራ።

«አባባ፣ ልጅህ ደብዳቤ ልኮልሃል» አለ። ወደ ወለቴ ዞረ። «በአረንጓዴው ጻፊ። ‹አባቴ፣ ሞቻለሁ፤ አትጠብቀኝ› በይ።»

«ጌታዬ፣ እባክህን...»

«ነው ወይስ ሽማግሌው ይደገም?»

ጻፈች። ጮክ ብላ እንድታነብ አደረጋት። አነበበች። ኦቦ ጉሉማ በሁለት ሰው ተደግፈው አዳመጡ። ፊታቸው አልተለወጠም። ሁለቱም «ውጡ፤ ሂዱና ቅበሩት» ተባሉ።

ደጅ ላይ ወለቴ ክንዳቸውን ያዘች። እሷም በተገረፈው እግሯ ቆማ መሄድ አቅቷት ነበር። «ኦቦ ጉሉማ፣ ይስሙኝ። እኔ ነኝ። ከመጀመሪያውም እኔ ነኝ የጻፍኩት። ነመራ አንድም ቃል አልጻፈም።»

ሽማግሌው ግራና ቀኝ አዩ። ያበጠው ዐይናቸው ሊስቅ ሞከረ።

«ኤዬ፣ አዎ፣ ኢንተላ ኮ፣ ገብቶኛል። ልጄን ለማዳን ራስሽን አስገረፍሽ።»

«አይደለም፣ እውነቴን ነው...»

«የሞተ ሰው ሞቻለሁ ብሎ አይጽፍም» አሏት። «እነሱ ሞኞች ናቸው። ዋቃ ይክፈልሽ።»

ተረፋ ነገሩን ሰምቶ በሁለተኛው ሳምንት መጣ። ሱቁ ውስጥ አልገባም፤ ደፉ ላይ ቆመ። ደብተሮቹን ለእሱ ስትል ማቃጠሏን ነገረችው።

«የራሴን ገጾች ብቻ ብታቃጥዪ ይቅር እልሽ ነበር፤ የነመራንም አቃጠልሽ» አለ። «እኔ ጓደኛዬ ሞቶ ከሬሳው ጋር ስቀልድ ከረምኩ። አንቺ ደግሞ እየሳቅሽ ትመልሺልኝ ነበር።»

«አልሳቅኩም፣ ተረፋ።»

«ሽማግሌውን ያስገረፍኩት እኔ ነኝ፤ እሱን አውቃለሁ። ያስዋሸሽኝ ግን አንቺ ነሽ።»

ከዚያ ወዲህ አላየችውም። የሺአረግ መንገድ ላይ ስታገኛት ወደ ማዶ ትሻገራለች።

ኦቦ ጉሉማ በየሐሙሱ መምጣታቸውን አልተዉም። ሁልጊዜ እውነቱን ትነግራቸዋለች፤ ሁልጊዜ «ልክ ነሽ፣ እንዲህ በይ» እያሉ ይጠቅሷታል። ዘመድ መክሮ፣ ቄሱም መክረው አቃታቸው። አንድ ሐሙስ አዲስ ደብተርና አረንጓዴ እስክሪብቶ ይዘው ገቡ። እንዳይጠረጠር ብለው ከሌላ ሱቅ የገዙት ነው።

«ላኪለት» አሏት። «ወረቀት አጥቶ ይሆናል ዝም ያለው።»

ወለቴ ተቀበለች። እስክሪብቶውን አልነካችውም፤ ከመገርሳ ክፍል ከወጣች ወዲህ ብዕር ስትይዝ ጣቷ አይታዘዝላትም። የሚቀጥለው ሐሙስ ሽማግሌው መጥተው እንደ ወትሮው ቆሙ። ከሳ ብለዋል። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። እውነቱን ስንት ጊዜ እንደ ነገረቻቸው አሰበች፤ ደግማ ለመንገር አቅም አጣች።

ደብተሩን ከባንኮኒው ሥር አውጥታ የመጀመሪያውን ባዶ ገጽ ገለጠች፤ ማንበብ ጀመረች።

«ቀስ በይ» አሉ ኦቦ ጉሉማ፤ «ወንበሩን ልሳብ።»