ከሰው ወፍጮ ደጅ

ባለቤቴ መምህርነቱን ለቆ ወፍጮ ቤት ስንከፍት፣ አምበር ከተማ ውስጥ ከእኛ የተሻለ ኑሮ የያዘ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። እሱ ለዓመታት ያጠራቀመውን፣ እኔ የጆሮና የአንገት ወርቄን አዋጥተን ነው። ዘጠኝ ዓመት ፈጨን። ልጆቻችንንም ለትምህርት ደብረ ማርቆስ ላክን። ከዚያ አንድ ክረምት የሰፈራችን ትራንስፎርመር ተቃጠለና ወፍጯችን ቆመ።

መጀመሪያ የሳምንት ጉዳይ መስሎን ነበር። ማርቆስ ድረስ እየተመላለስን ለመብራት ኃይል አመለከትን፤ «ተመዝግባችኋል፣ ጠብቁ» ተባልን። መኸሩ ገባ፣ ወጣ። የናፍጣ ሞተር እንዳንገዛ አቅም የለም። እንሽጠው ስንል ደግሞ መብራት በሌለበት ሰፈር ወፍጮ ማን ይገዛል? ነቅሎ ሊወስድ ከይጁቤ የመጣ አንድ ነጋዴ ሲሚንቶ ውስጥ የተቀበረውን የወፍጮውን እግር አየና፣ ለቁርጥራጭ ብረት የሚሆን ዋጋ ጠርቶ ሄደ።

ባለቤቴ ግን ጠዋት ጠዋት ይከፍተዋል። ይጠርገዋል፣ ግራሶ ይቀባዋል፣ ደጁ ላይ ይቀመጣል።

«ማርቆስ እህቴ ጋ ሄደን ለምን አንድ ነገር አንሞክርም?» ስለው፣

«በሄድን ማግስት መብራቱ ቢመጣስ?» ይለኛል።

በዚህች መልስ ስንት ወር ታሰርኩ። ብሄድ እሱን ጥዬው መሄዴ ነው፤ ብቀመጥ ከብረቱ ጋር መዛጌ ነው። ለቅሶ ቤት መሄድ እንኳ ፈራሁ፤ ሰዉ ስለ ወፍጮው አዝኖ እንደሚጠይቀኝ ባውቅም ያመኝ ነበር።

ቤት ያለው ዱቄት ሲያልቅ ግን ምርጫ አልነበረኝም። ግማሽ ኩንታል ጤፍ በጋሪ አስጭኜ ከከተማው ዳር ወዳለው የናፍጣ ወፍጮ ሄድኩ። ነጠላዬን እስከ ቅንድቤ አወረድኩት። ወረፋው ላይ ከፊቴ የነበረችው ሴት፣ ስንት ጊዜ እኛ ዘንድ ያስፈጨች፣ ዞር ብላ አየችኝ።

«እትዬ! እርስዎም እዚህ?» አለች ጮክ ብላ። ክፋት የለበትም፤ ደንግጣ ነው። ሰዉ ሁሉ ዞረ።

የወፍጮው ባለቤት ሽማግሌ ናቸው፤ ድሮ ከእኛ ጋር ደንበኛ ይሻሙ የነበሩ ሰው። ወጥተው ጤፌን ከሁሉ አስቀድመው አስፈጩልኝ። ልከፍል ስል እጄን መለሱት።

«የወፍጮ ሰው ለወፍጮ አይከፍልም።»

ሊያከብሩኝ ነው። እኔ ግን እዚያው አለቀስኩ። ድሮ እኔም ከድኻ ሒሳብ አልቀበልም እል ነበር።

እስኪወጣልኝ ጠበቁና፣ «ድንጋይ የሚወቅርልኝ ሰው ደብረ ወርቅ ሄዶ ቀረብኝ። ባለቤትሽ ይመጣልኝ ይሆን? በነጻ አይደለም» አሉኝ። የወፍጮ ድንጋይ ከለሰለሰ እህሉን ያሞቀዋል እንጂ አያደቀውም፤ በመዶሻ እየወቀሩ ማሻከር ያስፈልጋል። ባለቤቴ በዚህ የታወቀ ነበር።

ስነግረው ከመቀመጫው አልተነሳም።

«የሰው ድንጋይ ልወቅር? ያውም የእሳቸውን?»

«እንግዲያው እኔ እወቅራለሁ።»

ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። በማግስቱ መዶሻውን ይዤ ስወጣ ቀና ብሎም አላየኝ።

ዘጠኝ ዓመት ሲወቅር አይቻለሁ እንጂ እጄ አልለመደም። ረፋድ ላይ መዳፌ ውኃ ቋጠረ፣ የድንጋዩ ፍንጣሪ ዓይኔን አቃጠለው። በሁለተኛው ቀን አጎንብሼ ስመታ የሰው ጥላ ድንጋዩ ላይ አረፈ። ባለቤቴ ነው።

«እንደሱ ከመታሽው ይሰነጠቃል» አለና እጁን ዘረጋ። መዶሻውን ሰጠሁት። ሽማግሌውን እጅ ነሣ፤ እሳቸውም ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ «እንዴት አደርክ፣ መምህር» አሉት።

አሁን እሱ እዚያው ይወቅራል፣ እኔ እህል እመዝናለሁ። የራሳችን ወፍጮ እንደቆመ ነው። እፎይ ብያለሁ ብል እዋሻለሁ፤ ሁለታችንም አምሳን አልፈናል፣ ድንጋይ እየወቀሩ ለመኖር ጉልበት ስንት ዓመት ይቆያል? ቢሆንም የዘንድሮውን የልጆቹን ቤት ኪራይ ከዚሁ ሥራ ልከናል።