በኦተርክላፍ የጠፋው የሴቶች ሰሌዳ

ኢኒድ ሰግደን በኦተርክላፍ ትምህርት ቤት ሃያ ዘጠኝ ዓመት በጸሐፊነት ስትሠራ አምስት ርዕሰ መምህራን አሳልፋለች። አምስቱንም ስለ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው፤ አምስቱም "እናየዋለን" አሏት። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆኖባት ቀረ።

የጠየቀችው ስለ ክብር ሰሌዳ ነበር። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ በየዓመቱ ለዩኒቨርሲቲ ነጻ ትምህርት ያሸነፉ ልጆች ስም በወርቅ ቀለም ተጽፎ እስከ ጣሪያ ይደርሳል። እስከ 1974 ድረስ ያሉት ሁሉም ወንዶች ናቸው። በዚያ ዓመት ከወንዙ ማዶ የነበረው የሴቶች ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከወንዶቹ ጋር ተቀላቀለ። ሴቶቹም ሠላሳ አራት ስም የተጻፈበት የራሳቸው ሰሌዳ ነበራቸው፤ ሕንጻቸው ሲሸጥ ግን የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ። ከሠላሳ አራቱ ስሞች አንዱ የኢኒድ ነበር። ይህን ለማንም ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

በ1962፣ ገና ኢኒድ ሂንችሊፍ ስትባል፣ በላቲን ከአውራጃው አንደኛ ወጥታ ነጻ ትምህርቱን አገኘች። በዚያው በጋ እናቷ አልጋ ላይ ዋለች። የሱፍ ፋብሪካ ሠራተኛ የነበረው አባቷ "ትምህርቱ የትም አይሸሽም" አለ። ሸሸ እንጂ። ቀለም ቀቢው ስሟን በወርቅ ሲጽፍ እሷ በፋብሪካው ቢሮ የጽሕፈት መኪና ትመታ ነበር። በሽልማቱ ቀን ከሥራ አስፈቅዳ ሄደች፤ ሰሌዳው ሥር ጥቂት ቆማ አየችውና ተመለሰች። ከዚያ አገባች፣ ልጆች አሳደገች፣ ባሏንም ቀበረች። በዚህ ሁሉ ዘመን ጎበዝ መሆኗን የመሰከረላት ያ ሰሌዳ ብቻ ነው፤ እሱም የለም።

ትምህርት ቤቱን ግን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷ ነበረች። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮዋን ስትከፍት ያረፈደው፣ ክራቫቱን የጣለው፣ ምሳውን አውቶቡስ ላይ የረሳው ሁሉ በራፏ ላይ ይሰለፋል። "ሚስ፣ ሆዴን አሞኛል" ይላታል አንዱ። "ሒሳብ ፈተና ነው ወይስ እውነተኛ ሕመም?" ትለዋለች ቀና እንኳ ሳትል። ልጁ ትንሽ አስቦ "ሁለቱም" ይላል። በሰኔ የመሥራቹ ቀን ሲደርስ ደግሞ በክሪኬቱ ሜዳ ዳር ባለው የእንጨት ቤት፣ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፋ ለእንግዶች ሻይ የምትቀዳው እሷው ናት። ቅጂልን ብሎ የለመናት የለም፤ ትቀዳለች ተብሎ ታስቧል፣ አለቀ።

በ2007 ትምህርት ቤቱ አራት መቶ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ሆነ። እሷም በሐምሌ ጡረታ ልትወጣ ነው። የትምህርት ቤቱን ታሪክ ይጻፉ የተባሉት ጡረተኛው የታሪክ አስተማሪ ሚስተር ኦርምሮድ ሲሆኑ፣ እንድትተይብ የተሰጣት ኢኒድ ናት። ገጽ ሰባ አንድ ላይ ስትደርስ እጇን ከኮምፒውተሩ አነሳች።

"ሚስተር ኦርምሮድ፣ 'በ1974 ልጃገረዶች ተቀላቀሉን' ይላል።"

"ልክ ነው።"

"ከየት መጡ? ከሰማይ ዘነቡ?"

"አትቆጪ ኢኒድ። ታሪክ በማስረጃ ነው። መዝገባቸው የለም፣ ሰሌዳው የለም።"

"ለመሥራቹ የአልጋ አንሶላ ሁለት ገጽ ሰጥተዋል።"

"አንሶላው ኑዛዜው ላይ ተጽፏላ።"

"ሠላሳ አራቱን ስም እኔ በቃሌ አውቀዋለሁ። ልጥራልዎት?"

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው አዘኑላት። "ደግ ሴት ነሽ። የሰው ትዝታ ግን ማስረጃ አይሆንም። በይ እስቲ ያቺን ሻይሽን አምጪልን።"

አመጣችላቸው። ያንን ዓረፍተ ነገርም እንዳለ ተየበችው፤ መጽሐፉ ታተመ።

ከበዓሉ ሁለት ቀን በፊት፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ የግቢው ጥገና ሠራተኛ ዊልፍ በመስኮቷ ብቅ አለ። ከእሷ ጋር ሃያ ዓመት ሲነታረክ የኖረ ሰው ነው።

"ኢኒድ፣ እስቲ አንዴ ነይ።"

"ደግሞ ምን ሰበርክ?"

"አልሰበርኩም። የሻዩን ጠረጴዛ እግር ላጠብቅ ገብቼ ነው። ነይ ስልሽ።"

ተከትላው እንጨቱ ቤት ገባች። "ጎንበስ በይ" አላት።

"በዚህ ጉልበቴ?"

"በሆድሽም ቢሆን ግቢ። አይቆጭሽም።"

እያጉረመረመች ወለሉ ላይ ተጋድማ ከጠረጴዛው ሥር ገባች። ዊልፍ የእጅ ባትሪውን አበራላት። ከአፍንጫዋ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ በወርቅ ቀለም የተጻፉ ስሞች ተደርድረዋል። እያነበበች እስከ መሐል ሄደች። 1962፣ ኢ. ሂንችሊፍ፣ ላቲን፣ ከአውራጃው አንደኛ። ስሙ ላይ አንዱ ጎረምሳ ማስቲካ ለጥፎበታል።

ቢገኝ ደስታውን አልችለውም ትል ነበር። የመጣባት ግን ንዴት ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት በገዛ ስሟ ጀርባ ላይ ጨርቅ ስታነጥፍ፣ ሲኒ ስትደረድር፣ የሌላውን ሰው ፍርፋሪ ስትጠርግ ኖራለች። ማስቲካውን በጥፍሯ ፈቀፈቀችው።

"ማነው ይህን የሠራ?"

"ያን ጊዜ የነበረው የእንጨት ሥራ አስተማሪ ይሆናላ። ደህና ሳንቃ አይጣልም ብሎ ፊቱን ወደ ታች ደፍቶ እግር መታበት።"

"ቢጥለው ይሻል ነበር" አለች ከሥር ሆና። ዊልፍ የተለመደ ቀልዱን ተወው።

ርዕሰ መምህሩ ሚስተር ፔል ወጣትና ፈገግታ የማያልቅበት ሰው ነው። ነገሩን ሲሰማ "ድንቅ ነው" አለ። "ግን ቅዳሜ ሦስት መቶ እንግዳ አለብን፣ ኢኒድ። ሳንድዊቹን የት ልናደርገው ነው? በመስከረም ኮሚቴ አቋቁመን እናየዋለን።"

"በመስከረም እኔ የለሁም።"

"እንጋብዝዎታለን።"

ያቺን "እናየዋለን" ኢኒድ ከአምስቱም ሰምታለች። ክርክሩ በቅቷታል።

ቅዳሜ ጠዋት እሷና ዊልፍ ጠረጴዛውን ተሸክመው ገለበጡት። አራቱ እግሮች ወደ ጣሪያ ቀጥ ብለው፣ ስሞቹ ወደ ላይ ሆነው፣ ቤቱ መሐል ተጋደመ። በእርጥብ ጨርቅ ከዳር እስከ ዳር ወለወለችው። ሳንድዊቹ በየካርቶኑ ቀረ። የሻዩ ማፍያ መስኮት ላይ ተቀመጠ፤ እንግዳው ሲኒውን በእጁ ይዞ ጠረጴዛውን እየዞረ ይጋፋ ጀመር። ሚስተር ፔል በሩ ላይ ደርሶ ፊቱ ቲማቲም መሰለ፤ ሰው ፊት ግን ምን ይበል? የአንድ የቀድሞ ተማሪ ሚስት፣ ባሏን አጅባ ብቻ የመጣች አሮጊት፣ ባርኔጣዋን አውልቃ ወለሉ ላይ ተንበረከከችና በጣቷ አንዱን ስም መዳሰስ ያዘች።

ሚስተር ኦርምሮድ ሻያቸውን ጠጥተው ሲጨርሱ ተጠጉ። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉና ረጅም ጊዜ አነበቡ።

"በላቲን ከአውራጃው አንደኛ" አሉ። "ከወንዶቻችን እንኳ ይህን ያገኘ አላስታውስም። ይህቺ ሂንችሊፍ የት ደረሰች ይሆን?"

"ሻይ ስትቀዳ ኖረች" አለች ኢኒድ። "አሁን የጠጡትንም የቀዳሁት እኔ ነኝ።"

ሚስተር ኦርምሮድ ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ባዶ ሲኒያቸውን የሚያስቀምጡበት ፈለጉ፤ ጠረጴዛ አልነበረም፤ እሷም እጇን አልዘረጋችላቸውም።