ልጃችን የት ትቀመጥ?

ባለቤቴ የወረታ ነጋዴዎች ልጅ፣ እስላም ነው፤ እኔ ክርስቲያን ነኝ። ስንጋባ ማንም ማንንም ላይለውጥ ተስማምተን፣ ማዘጋጃ ቤት ፈርመን፣ ግሽ አባይ ሰፈር ቤት ተከራየን። ቤታችን ሥጋ አይገባም ነበር። የእሱን እኔ አልበላ፣ የእኔን እሱ አይበላ፤ ደግነቱ ጣና ቅርብ ነው፣ ዓሣን ደግሞ ባርኮ የሚያርደው የለም። ሠርጋችን እንኳ በዓሣ ነው ያለፈው። ዘመዶቼ እስከ ዛሬ ያሙናል።

ሴት ልጅ ስንወልድ እናቴ የክርስትናዋን ሰማንያ ቀን መቁጠር ጀመረች። አማቴም፣ የባለቤቴ አባት፣ ከወረታ እየደወሉ ምን እንዳሰብን ይጠይቁ ነበር። እኛ ለሁለቱም "አድጋ ራሷ ትምረጥ" አልን። እንዴት ያለ ኩራት ነበረኝ! በሥራ ቦታዬ፣ በሻይ ሰዓት፣ ማንም ሳይጠይቀኝ አወራው ነበር። የሠለጠንሁ መስሎኝ ነው።

ሰባት ዓመት ሲሞላት ጎረቤታችን ልጁን አስመረቀ። እንደ ደንቡ ሁለት ማዕድ ተዘርግቷል፤ አንዱ የክርስቲያን፣ አንዱ የእስላም። እኔና ባለቤቴ ድንኳኑ በር ላይ ተለያየን። ለእንግዶች ምግብ የምታነሣው ልጅ "የኔ ቆንጆ፣ አንቺ የየትኛው ነሽ?" ብላ ጠየቀቻት። ልጄ እኔን አየች፣ አባቷን አየች።

"እኔ የዓሣ ነኝ" አለች።

ድንኳኑ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ልጄ ቁራሽ ዳቦ ይዛ በሁለቱ ማዕድ መካከል ብቻዋን ቆማ በላች።

ቤት ስንደርስ "የት ነበር መቀመጥ የነበረብኝ?" አለችን። ነፃነት ሰጠኋት ስል ለካ ልጄን ከሁለት ያጣ ጎመን አድርጌያታለሁ።

ለሳምንታት ተከራከርን። ቁጣ ይቀድመኛልና ብዙ የማይባል ነገር ተናገርሁ። አንድ እሑድ ሐይቁ ዳር ስንሄድ ባለቤቴ ቆም አለና፣ "በአንቺ ትደግ" አለኝ። "እኔ ሰላት ካቋረጥሁ ስንት ጊዜዬ ነው? የማላደርገውን ምን ብዬ ላስተምራት? አንቺ ቅዳሴ አይቀርሽም።"

ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። እሱም እንደ እኔ አባቱን ነበር የሚያስበው።

ወረታ አብረን ሄድን። አማቴን ሱቃቸው ውስጥ ጨርቅ ሲያጥፉ አገኘናቸው። ባለቤቴ ተናግሮ እስኪጨርስ ሰሙት።

"ጥፋቱ ያንተ ነው" አሉት። "ያስተማርሁህን ብትይዝ ኖሮ የምታስተምራት አታጣም ነበር።" ባለቤቴ አቀረቀረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ ለእኔ ሁሉም አንድ ነው አልልሽም። አንድ አይደለም፤ ከፍቶኛል። ግን ካስተማርሽ አይቀር ደኅና አድርገሽ አስተምሪያት። በግማሽ እንዳታሳድጊያት።"

"እሺ አባባ፣ ቃሌ ነው" አልሁ። ክርስትናው ላይ እንዲገኙልን ብንለምናቸው ወደ ጨርቃቸው ተመለሱ።

ያን ዕለት ልባቸውን የሚያሳርፍ ነገር ብዋሻቸው ኖሮ፣ ወይም እሳቸው ደስ እንዳላቸው ቢያስመስሉ ኖሮ፣ ዛሬ እንዲህ አላመሰግናቸውም ነበር። ያዘነ ሰው እውነቱን ተናግሮ ዘመድ ሆኖ ሲቀጥል ያየሁት በእሳቸው ነው። ፈጣሪ ዕድሜያቸውን ያርዝመው።

የክርስትናዋ ዕለት ማለዳ ቤተ ክርስቲያኑ በር ስንደርስ አማቴ ነጭ ቆባቸውን ደፍተው ቀድመውን ቆመዋል። ማታውን መጥተው ዘመድ ቤት አድረው ኖሯል። ልጄ ልትገባ ጫማዋን ስታወልቅ፣ "አምጪው፣ እኔ ልያዝልሽ" አሏት። እኛ ከእናቴ ጋር ገባን፤ አማቴና ባለቤቴ ውጭ ቀሩ።

ሥርዓቱ ረጅም ነበር። ስንወጣ አማቴ ከቆሙበት አልተነቃነቁም። እንደ ምንም በርከክ ብለው ጫማዋን አደረጉላት፤ ቀና ሲሉ ካህኑ ያሰሩላትን የማተብ ክር አንገቷ ላይ አዩት። እናቴ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ። እሳቸው አንድ ጣታቸውን በክሩና በአንገቷ መካከል አስገቡ።

"አጥብቀውብሻል፣ የኔ እናት፤ ይከረክርሻል" አሉና ቋጠሮውን ፈትተው በገዛ እጃቸው ላላ አድርገው አሰሩላት።