አጨዳው መሃል ልጄን ስሥል

ባጃጅ ቦንጋ በገባበት ሰሞን ነው ልጄ ከዓረብ አገር የተመለሰችው። ሻንጣ እንኳ አልነበራትም። ምን እንደደረሰባት አልነገረችኝም፤ እኔም ፈርቼ አልጠየቅኋትም። በመጣች በሦስተኛው ወር ጎረቤቶች ከወንዝ ዳር ይዘዋት መጡ። ልብስ ልታጥብ እንዳልሄደች ሁላችንም አውቀናል፤ እጇ ባዶ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓይኔን ከላይዋ ካነሳሁ የምትጠፋ ይመስለኛል። ሽንት ቤት ስትገባ እንኳ በር ላይ ቆሜ ድምፅዋን እስክሰማ እጠብቃለሁ።

ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ «እጇን የሚይዝ ሥራ ፈልጊላት» አለችኝ። ልጄ ተማሪ ሳለች ሥዕል ትወድ ነበር። ሰፈራችን ተከራይቶ የሚኖር የሥዕል መምህር ነበርና ሄጄ ለመንኩት፤ እሺ አለኝ። እሷ ግን «አንቺም ካልተማርሽ አልሄድም» አለች። እንድተዋት ብላ ነው መሰለኝ። እኔ ከሁለተኛ ክፍል የወጣሁ ሰው ነኝ። ቢሆንም ሄድኩ።

ጎረቤቴ በአጥር አሻግራ «ያኔ ቀለም ሳትቆጥሪ፣ አሁን ልትለቀልቂ?» ብላ ሳቀችብኝ።

«ምን ላድርግ፣ ለቅልቂ ተባልኩ» አልኳት።

ኅዳር ነበር። ወንድሜ ጤፉን በደቦ ያሳጭድ ስለነበር መምህሩ ማሳው ዳር ወሰደን። አቡጀዲ በእንጨት ወጥሮ ሰጠን። ቀለሙ በተልባ ዘይት የተለወሰ ነው፤ እጅ ከያዘ በነጭ ጋዝ ካልሆነ አይለቅም። እኔ ነዶውን አንድ በአንድ፣ አገዳውን አንድ በአንድ መሥራት ጀመርኩ።

«እትዬ፣ ዓይንዎን ጨፈን አድርገው ይዩት» አለኝ መምህሩ። «ብዛቱን ይተዉትና ጥላና ብርሃኑ ብቻ ይታይዎታል።»

«እኔ ዓይኔን መጨፈን አልችልም፣ መምህር።»

እሱ ሳቀ። እኔ ልጄን እያየሁ ነበር።

የእሷ ማሳ ያምራል። ቢጫው እየራቀ ሄዶ ጫካው ውስጥ ሲገባ እውነት ነው የሚመስለው። ሰው ግን የለበትም። ፊታችን ያ ሁሉ ሰው እየዘፈነ ያጭዳል፣ እሷ ጋ አንድም የለም።

«አጫጆቹስ?» አልኳት።

«የሉም።»

እሷ ካልሠራች እኔ እሠራለሁ ብዬ፣ እቤት ስንገባ የራሴ ሥዕል መሃል እሷን ሣልኳት። ፊቷ ድንች ቢመስልም እሷ ናት። ማገዶ ላስገባ ዞር ብዬ ስመለስ ቦታው ተጠርጓል፤ ጨርቅ የሄደበት ይታያል። በማግሥቱ ደግሜ ሣልኳት። ደግማ ጠረገችው።

«መምህር፣ ይሄ ቀለም መቼ ነው የሚደርቀው?»

«በቦንጋ እርጥበት? ሳምንታት ይፈጃል፤ ወፈር ካለማ ወርም አይበቃውም። ምን አስቸኮለዎት?»

ለሦስተኛ ጊዜ ሣልኳትና ሥዕሉን ፀሐይ ላይ አቁሜ፣ በቆሎ ከጦጣ እንደሚጠበቅ ጠበቅሁት። ልጄ ጨርቋን ይዛ ፊት ለፊቴ መጣች።

«ተይኝ፣ እማዬ።»

«እዚያ ብትቆሚ ምን ይጎዳሻል?»

«ፊት አታድርጊልኝ» አለች። «የሚያውቁኝ ሰዎች መሃል እኮ ነው ያቆምሽኝ።»

ፊቷን ራሴ ጠረግሁት። አጎንብሳ ስታጭድ፣ ጀርባዋን ብቻ ሣልኩ። ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ሌሎች አራት ሴቶችም አጠገቧ አስጎነበስኩላት። ጨርቋን አስቀመጠች። ሥዕሉ ማንም ሳይነካው ደረቀ፤ መምህሩም «አሁን ሰው ገባበት» ብሎ አመሰገነኝ። ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት።

ልጄ ከዚያ በኋላ ብሩሽ አልያዘችም። ቀኑን ሙሉ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትተኛለች። እኔ ሥዕሉን አያለሁ። አምስት ጀርባ፣ አምስት ማጭድ። የትኛዋ እሷ እንደሆነች ይጠፋኝና፣ ወደ አልጋው ዞሬ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ማለቱን አያለሁ።