ጎርፍ አይወስደው

ከባለቤቴ ጋር መጨረሻ የሠራነው ሥራ ቆብ ማድረቅ ነበር። መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ዝናቡ ቀነስ ብሏል፤ የመተማ ፀሐይ ግን ገና ከጠዋቱ ታቃጥላለች። እሱ የማሽላ ዱቄት በብዙ ውሃ በጥብጦ ቀጭን ሙቅ ያፈላል፤ ሲበርድ የተሰፉትን ቆቦች እየነከረ ይጨምቃል። እኔ እየተቀበልሁ በቅል ላይ እወጥራለሁ። ሙቁ ሲደርቅ ጨርቁ ይጠነክራል፤ ቆቡም የቅሉን ቅርፅ ይዞ ይቀራል። ቅሎቹን በአጥሩ እንጨት ጫፍ ላይ ስለምንሰካቸው፣ ከሩቅ ለሚያይ ሰዎች ከአጥሩ በላይ አንገታቸውን አስግገው የቆሙ ይመስላል። "እንደምን ዋላችሁ" ብሎ ቅሎቹን እጅ ነስቶ ያለፈ መንገደኛም ነበር።

ቅሉ ሁልጊዜ ከቆቡ አንድ ያንሳል። ወይ አንዱ ይሰነጠቃል፣ ወይ ጎረቤት ውሃ ሊቀዳበት ይዋሰዋል። የተረፈውን ቆብ እሱ እርጥቡን ራሱ ላይ ይደፋውና እስኪደርቅ ድረስ ሥራውን ይሠራል። "ከሁሉም ባዶው ቅል ይኸ ነው" ይላል አናቱን በጣቱ እየመታ። በእሱ ራስ ላይ የደረቀ ቆብ ከቅል ላይ ከደረቀው ይልቅ ተፈላጊ ነበር፤ የሰው ራስ ቅርፅ አለዋ። በመንገድ ያየው ሰው ይለምነዋል፤ እሱም ከራሱ ላይ አውልቆ ይሸጥለታል። እንዲህ እያለ ቆብ ሰፊው ባሌ ለራሱ የሚሆን ቆብ ኖሮት አያውቅም።

በዚያ ቀን "ይኸኛውን አትሸጥም" አልሁት።

"ማን ሊሸጠው?"

"አንተ ነሃ! አፍህ እምቢ ሲል እጅህ ያወልቀዋል።"

ገና ሳይነከር፣ ከሠርጌ ነጠላ ጥለት ላይ ጣት የምታህል ቀድጄ ከቆቡ ውስጥ፣ ግንባር ከሚያርፍበት እጥፋት ሥር ሰፍቼበት ነበር። ቀይ ጥለት ነው። ገልብጦ አየና ሳቀብኝ።

"ጌጥ በውስጥ ይደረጋል እንዴ? ማን ሊያየው ነው?"

"ልትሸጠው ስታወልቅ አንተ ታየዋለህ።"

በማግስቱ ቆቦቹን በሁለት ስልቻ አህያ ላይ ጭኖ ወደ ሽንፋ ገበያ ወረደ። ያን ቆብ አድርጎ ነበር። ሙቁ ገና ይሸት ነበር።

ይኸን የምጽፈው በዝግታ ነው። አባቴ ቄስ ስለነበሩ ዳዊት አስደግመውኛል፤ ነገር ግን የራስን ነገር መጻፍ ዳዊት እንደ መድገም አይደለም፤ በእያንዳንዱ መስመር መካከል ብዙ እቀመጣለሁ።

ስለ ቆቡ ስም መናገር አለብኝ። በእኛ ገበያ ስም የሌለው ቆብ አልነበረም። ስም አውጪዋ ከግራሩ ጥላ ሥር ጠላ የሚሸጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ማንም ሰው አዲስ ነገር ራሱ ላይ አድርጎ በፊታቸው ካለፈ ስም ሳያወጡለት አይቀሩም። ከገላባት የሚመጡት ነጋዴዎች የሚያደርጉትን ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን ታጊያ "ወንፊት" አሉት። የጣሊያን ሹማምንት የሚደፉት የፀሐይ ባርኔጣ "የድስት ግጣም" ተባለ፤ የወታደሮቻቸው ጠባብ ቆብ "የባቄላ ቅርፊት"፤ ከእነሱ ጋር የዘመቱት ጥቁር ወታደሮች፣ የአስካሪዎቹ፣ ረጅም ቀይ ተርቡሽ ከነዘርፉ "የአውራ ዶሮ" ሆነ። ይኸን ሁሉ አስካሪዎቹ ፊት ጮክ ብለው ይናገሩት ነበር። ጠላውን የሚጠጡት እነሱው ስለሆኑ ዝም ይሏቸዋል።

የባሌ ቆብ ከገላባት ታጊያና ከደገኛ ቆብ መካከል ያለ ነው፤ ከላይ ድፍን፣ ከጎን ጥብቅ ያለ፣ በአቡጀዲ ድርብ ተደርጎ የተሰፋ። ጣሊያን በገባ በዓመቱ ግድም አንድ የአርማጭሆ ሰው የሽንፋን ወንዝ ሲሻገር ጎርፍ ጠለፈው። ዕቃውን፣ በትሩን፣ ሱሪውን ሳይቀር ወስዶበት እሱ የዛፍ ሥር ይዞ ወጣ። ገበያ የደረሰው በተዋሰው ጋቢ ተጠቅልሎ ነው፤ ቆቡ ግን ራሱ ላይ አለ። አሮጊቷ ሲያዩት ጠላውን እስኪደፉት ሳቁ።

"አዬ ልጄ! ሱሪህንም ቆብ ሰፊው በሰፋልህ ኖሮ!"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የባሌ ቆብ "ጎርፍ አይወስደው" ተባለ። ሰው ከሩቅ መጥቶ "ጎርፍ አይወስደው አለ?" ይላል። ሹም ሲያልፍ ቆብ አውልቁ ይባል በነበረበት ጊዜ ደግሞ፣ ጥብቅ ስለሆነ እንቢ አለኝ የሚል ሰበብ የሚሰጥ ቆብ ሆኖ ተወደደ። ባሌ በስሙ ይኮራ ነበር። "እኔ ሰፋሁት፣ እሳቸው አጠመቁት" ይላል።

ሽንፋ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ አለፈ። መጀመሪያ ገበያው ቀዝቅዞበት ይሆናል አልሁ። ቀጥሎ ወንዙ ሞልቶበት ይሆናል አልሁ። ጣሊያን በዚያ ክረምት ገላባትን ይዞ ስለነበር ከማዶ አቡጀዲ መምጣቱ ቀርቷል፤ ጨርቅ ፍለጋ ራቅ ብሎ ሄዶ ይሆናል አልሁ። ምክንያት አላጣሁም።

አንድ ቀን ከሽንፋ የሚመለስ የጨው ነጋዴ በራችን ላይ ቆመ። ባሌን የሚያውቅ፣ ከእሱ ቆብ የሚገዛ እስላም ሰው ነው። ግመሉን እንኳ ሳያንበረክክ ከብብቱ ሥር አንድ ቆብ አወጣ። ጭቃ የበላው ጎርፍ አይወስደው ነበር።

"ከመሻገሪያው በታች እሾህ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት፣ እህቴ" አለ።

ሰፈሩ ተሰበሰበ። አሮጊቷ ጠላቸውን ጥለው መጡ። ቆቡ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሁሉም ያየው ቅርፁን ነው። በቅል ላይ የደረቀ ክብ ይሆናል፤ ይኸ ግን ከኋላው ሾጠጥ ያለ፣ የእሱን ራስ የመሰለ ነው። "የሱ ነው፤ በራሱ ላይ የደረቀ ነው" ተባለና ልቅሶ ተጀመረ።

እኔ ቆቡን ተቀብዬ ገለበጥሁት። እጥፋቱን በጥፍሬ ፈለቀቅሁት። ጥለት የለም።

"የሱ አይደለም" አልሁ።

ልቅሶው ቆመ።

"ይኸ ከዚህ በፊት በራሱ ላይ አድርቆ ለገበያ ያስቀመጠው ነው፤ ከስልቻው የወጣ ነው። ራሱ ላይ ያለው ምልክት አለው።"

የባሌ ታላቅ ወንድም፣ ዋርሳዬ፣ ከጭልጋ መርዶውን ሰምቶ ወረደ። ገበሬ ነው፤ ቁጡ ቢሆንም ወንድሙን ይወድ ነበር። በአገራችን ሬሳው በሌለበት የሞተ ሰው ልብሱ ወጥቶ ይለቀስለታል። ልብሱን፣ ጋሻ ያለው ጋሻውን፣ ከፍ አድርገው ይዘው ሰው ሁሉ በዚያ ፊት ያለቅሳል፤ ከዚያ ፍትሐትና ተዝካር ይደረጋል። ዋርሳዬ ያን ቆብ አውጥቶ ሊያስለቅስ ነው የመጣው።

"ስልቻው ወንዝ ውስጥ ከገባ አህያዋ ገብታለች። አህያዋ ከገባች እሱ የት ይቀራል?" አለኝ።

"አላውቅም። ይኸን ቆብ ግን በእሱ ስም አታወጡትም።"

"የወንድሜ ነፍስ ሜዳ ላይ ትቅር ነው የምትይ?"

"ወንድምዎ በሕይወት ካለስ? በቁም ይለቀስበት?"

ፊቱን አዙሮ ተቀመጠ። "ለአንድ ጨርቅ!" አለ። ግን ቆቡን በግድ አልወሰደውም።

ሳይቆይ መድፉ ጀመረ። እንግሊዝ ከማዶ፣ ጣሊያን ከዚህ ይተኩሱ ነበር፤ አውሮፕላንም መጣ። መተማ ተበተነ። እኔን ዋርሳዬ ወደ ጭልጋ ይዞኝ ወጣ። የያዝሁት አንድ ማድጋ እህልና ቅሎቹን ነው። ሲያየኝ ቅሎቹን ከእጄ ተቀብሎ ተሸከመልኝ።

በጭልጋ የሐዘን ልብስ አልለበስሁም። ሴቶቹ ይንሾካሾኩ ነበር። ገበያ ስሄድ የማየው የወንዶችን ራስ ነው። ጎርፍ አይወስደው ያደረገ ካገኘሁ ጠጋ ብዬ "ወንድሜ፣ ቆብህን ላየው?" እላለሁ። አንዱ "እመቤቴ፣ ከነራሱ ነው የሚሸጠው" ብሎ ሰዉን አሳቀብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ከዚያ አውልቆ ሰጠኝ። ጥለት አልነበረውም። ጥለት የሌለው ቆብ ባገኘሁ ቁጥር ባሌ አንድ ቀን የተጨመረለት ይመስለኝ ነበር።

ጣሊያን መተማን ለቆ ሽቅብ ወደ ጎንደር ሲሸሽ መንገዱ ላይ ፈንጂ ቀብሮ ስለሄደ፣ ሰው በጫካ በጫካ እየተመለሰ ገባ። እኔም ተመለስሁ። ቤታችን ጣራ አልነበረውም፤ አጥሩ ግን ቆሟል። አሮጊቷም ከግራራቸው ሥር ተመልሰው ተቀምጠዋል፤ ግራሩ በጥይት ተመላልጧል።

ገበያው እንደገና በቆመ ሰሞን አንድ ገበሬ ሰሊጥ ጭኖ ከሽንፋ መጣ። ያደረገው ጎርፍ አይወስደው ነው። እንደ ልማዴ ጠጋ አልሁ።

"ወንድሜ፣ ቆብህን ላየው?"

አላፌዘብኝም። "ባለቤቱን ታውቂዋለሽ?" አለና በሁለት እጁ አውልቆ ሰጠኝ።

አልገለበጥሁትም። ጣቴን በእጥፋቱ ሥር አስገባሁ። ጥለቱ አለ።

ገበሬው ከአሮጊቷ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነገረኝ። በሽንፋ ገበያ ቆቡን አይቶ ወዶት፣ ባሌን ሽጥልኝ ብሎ ለምኖት ነበር። "አውልቆ ሊሰጠኝ ሲል ውስጡን አየና ሳቀ። 'ይኸስ አይሸጥም፣ የቤቴ ምልክት አለበት' አለኝ።" ገበያው ቀዝቅዞ ባሌ ስልቻዎቹን እንደ ሞሉ ይዞ ይመለስ ነበር፤ ገበሬው ወደ ማሳው የሚሄደው በዚያው መንገድ ስለነበር አብረው ወረዱ። ወንዙን ሁለቱም ደህና ተሻገሩ። አህያዋ ግን ከነጭነቷ መካከል ላይ ቆመች፤ ውሃውም እየጨመረ ነበር።

"ተዋት አልሁት። 'እዚያ ላይ ያለው የክረምት ሥራችን ነው' አለኝ። ቆቡን አወለቀና እኔ ራስ ላይ አደረገው። 'ሙቁ ገና አልጠናም፤ ከረጠበ ቅርፁ ይጠፋል። እስክመለስ ያዝልኝ፤ አትልመደው ታዲያ' ብሎኝ ገባ።"

አህያዋም እሱም አልወጡም። እሱን ከብዙ ቀን በኋላ ከታች አገኙትና ከወንዙ ዳር ካለችው ቤተ ክርስቲያን ቀበሩት። ቄሱ ለፍትሐት ስሙን ሲጠይቁ የሚያውቅ አልነበረም። "'ባለቆቡ' አልናቸው። 'እግዚአብሔር ያውቀዋል' ብለው ፈቱት።" ገበሬው ወደ መተማ ሊመጣ ሲል መድፉ መንገዱን ዘጋበት። ከዚያ ወዲህ ቆቡን ሳያወልቅ በየገበያው ይዞር ነበር፤ የሚያውቀው ሰው አይቶ ይጠይቀኛል ብሎ።

እኔ የሰው ራስ ሳይ፣ እሱ ራሱን ሲያሳይ ከርመናል። ስለ መጀመሪያው ቆብ የተናገርሁት እውነት ነበር። ዋርሳዬም ስለ ወንድሙ የተናገረው እውነት ነበር። በዚያ ጊዜ ሁሉ እኔ ስጠብቀው ባሌ መሬት ውስጥ ነበር።

ወደ ጭልጋ ሰው ላክሁ። ዋርሳዬ ሲደርስ አቅፎኝ አለቀሰ። በማግስቱ ልቅሶው በግቢያችን ሆነ። ቆቡን በቅል ላይ ወጥሬ፣ ቅሉን በአጥሩ እንጨት ላይ ሰክቼ እኔው አወጣሁት። ገበሬው ከሥሩ ቆሞ ነበር። አሮጊቷ ነጠላቸውን አገልድመው ወጡና እሳቸው ያወጡትን ስም ጠርተው አለቀሱ፤

ጎርፍ አይወስደው ብሎ ሰው ስም ያወጣለት፣
ቆቡ ደረቅ ቀርቶ አናቱ ታጣለት።

ከዚያ ቀን በኋላ ለቆብ ስም አውጥተው አያውቁም። ሰው አዲስ ነገር አድርጎ በፊታቸው ሲያልፍ ዓይናቸውን ወደ ጋኑ ይመልሳሉ።

ለሽንፋው ቄስ የክርስትና ስሙን በሰው ልኬያለሁ። ተዝካሩ ወጥቷል። ከገላባት አቡጀዲ መምጣት ጀምሯል። አሁን ቆብ እሰፋለሁ፤ ሙቁን አፍልቼ እነክራለሁ፣ በቅል ላይ አደርቃለሁ። ከቅሉ የተረፈውን ጉልበቴ ላይ አደርገውና እስኪደርቅ ሌላውን እሰፋለሁ።