ከረባት የታሰረላቸው ሽማግሎች

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዘመኑ ደርግ ነው፤ የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር። ከዚያ ወዲህ ስንት ሠርግና ስንት ለቅሶ አይቻለሁ። ኮቱ ደረት ላይ መሐረብ ያቆመ ወንድ ባየሁ ቁጥር ግን ትዝ የሚለኝ ያ የግንቦት እሑድ ነው።

እኅቴ እናኑ ያኔ ሃያ ሞልቷታል። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ከአዲስ አበባ ተዛውሮ መጥቶ ዓይኑን ጣለባት። ስሙን አልጽፈውም። እኛ ቤት እስከ ዛሬ «ባለመሐረቡ» ነው የምንለው፤ ይበቃዋል።

ባለመሐረቡ በሥራ ቀን ካኪውን ለብሶ፣ ስብሰባ ላይ ሌላውን «ንዑስ ከበርቴ» እያለ ሲገስጽ ይውላል። እሑድ ሲሆን ደግሞ ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ፣ ከረባቱንና የደረት መሐረቡን ከአንድ ጨርቅ አድርጎ፣ በሐይቁ ዳር ይንጎራደዳል። ለትምህርት ውጭ አገር ደርሶ መጥቷል ይባል ነበር። ምን ተምሮ እንደመጣ እንጃ፤ እኔ ሲያወራ የሰማሁት ስለ ከረባት ብቻ ነው። ነጠብጣብ ከመስመር ጋር አይደረግም፤ ቡኒ ከጥቁር ጋር አይሄድም፤ መሐረቡ ከኪስ ብቅ ማለት ያለበት ይህን ያህል ነው። ይህንን ሁሉ የሚነግራቸው ጋቢያቸውን ለብሰው ለተቀመጡት ለአባታችን ነበር።

እናኑ ግን ወደደችው። ምኑን እንደወደደችው አላውቅም፤ ንጽሕናውን ይሆናል። የዚያን ጊዜ ልጃገረድ ለወደደችው ሰው መሐረብ ትጠልፍ ነበርና፣ ነጭ መሐረብ ላይ ቀይ አበባ ከነቅጠሉ ጠልፋ ላከችለት። በማግስቱ መለሰው። ከየትኛው ከረባቴ ጋር ላደርገው ነው አለ አሉ። እናኑ ሳቅ ብላ ሳጥኗ ውስጥ ከተተችው። እኔ የጠላሁት ያኔ ነው።

ሽማግሌ የሚልክበት ቀን ደረሰ። አባታችን እሺ ለማለት ተቃርበዋል። ደመወዝተኛ ነው፣ ኃላፊ ነው፣ ልጅቱም ወዳዋለች። የቀረው የሽማግሎቹ አፍና የአባታችን ቃል ነበር።

ሦስት ሆነው መጡ። ሁለቱ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ናቸው። ሦስተኛው አባ ስንሻው ናቸው፤ ትውልዳቸው ከጣና ደሴት ከደቅ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው፣ ባለመሐረቡም ግቢያቸው ውስጥ ቤት የተከራየ። በእኛ አገር ሽማግሌ ጋቢውን አጣፍቶ ነው የሚመጣው። እነዚህ ግን ሦስቱም በኮትና በከረባት ብቅ አሉ። ባለመሐረቡ ከሳጥኑ አውጥቶ፣ ለእያንዳንዳቸው ከነመሐረቡ መርጦ፣ በገዛ እጁ አስሮላቸው ነው። ሽማግሌ መላክና የሱቅ መስኮት ማሳመር አንድ መስሎታል። ለአባ ስንሻው ወይን ጠጁ ከረባት ደርሷቸዋል። እናታችን በጓዳው በር አየቻቸውና፣ «አባን ማነው እንዲህ የጠፈራቸው?» አለች።

ተቀመጡ ሲባሉ እንደ ወጉ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። የግንቦት የባሕር ዳር ሙቀት የታወቀ ነው። አባ ስንሻው ንግግሩን ጀመሩ፤ ወዲያው ላብ በላብ ሆኑ። የሚላላላቸው መስሏቸው የከረባቱን ቀጭን ጫፍ ሳብ አደረጉት። ጠበቀ። ደግመው ሳቡት። ባሰ። ዓይናቸው ፈጠጠ፣ ከንፈራቸው ጠቆረ፣ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ሁለቱ ሰዎች ተረባረቡ፤ ግን እነሱም የታሰረላቸው እንጂ ያሰሩ አይደሉምና፣ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ይጎትታል። እኔ የእጅ ማስታጠቢያውን እንደያዝሁ ደርቄ ቀረሁ። ሞቱ ብዬ ነበር።

አባታችን ካራቸውን መዘዙ። ጣታቸውን በአንገቱና በጨርቁ መሐል አስገብተው ቆረጡት። አባ ስንሻው ትንፋሽ ሳቡ፤ ሳሉ፣ አስመለሳቸው።

ይኼኔ ባለመሐረቡ ዘው ብሎ ገባ። ለካ ሽማግሎቹ እንዳስዋባቸው መሆናቸውን ሊያይ፣ ወጉን ጥሶ አጥራችን ጥግ ቆሞ ኖሯል። ሽማግሌው መሬት ላይ ናቸው። እሱ ጎንበስ ብሎ ያነሣው የተቆረጠውን ከረባት ነው። ሁለቱን ቁራጭ ገጥሞ አየ።

እናኑ ውሃ ይዛ ሮጣ መጣች። በዚያ ቀን ልጅቱ ከጓዳ አትወጣም፤ ግን ወጣች። የአባን አፍ ልትጠርግላቸው ከደረት ኪሳቸው መሐረቡን መዘዝ ስታደርግ፣ ባለመሐረቡ እጇን ያዛት።

«እሱ ለማበሻ አይደለም» አላት።

እናኑ ቀና ብላ አየችው። ብዙ አየችው። ከዚያ መሐረቡን እንዳይጨማደድ ተጠንቅቃ አጣጠፈችና በእጁ አስጨበጠችው፤ የአባን አፍ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

አባታችን ሁለቱን ሰዎች፣ የቤቴ እንግዶች ናችሁ፣ ተቀመጡ አሏቸው። ወደ እሱ ዞረው ግን፣ «አንተ ልጅ፣ ዕቃህን ሰብስብ» አሉት።

ሰበሰበ እኮ። ከሁለቱ ሰዎች አንገት ከረባቱን ፈትቶ፣ መሐረቡን ከየኪሳቸው ለቅሞ፣ ክንዱ ላይ ደርድሮ ወጣ። አባ ተሻለዎት ወይ እንኳ አላለም።

ደንግጦ ይሆናል የሚሉኝ አሉ። እኔ አልቀበልም። የደነገጠ ሰው ወደ ሰው ነው የሚሮጠው። ከከረባት ጋር ጠብ የለኝም፤ ባሌም ለበዓል ያደርጋል፣ እኔው ነኝ አላልቼ የማስርለት። ያን ሰው ግን እንደናቅሁት አለሁ፤ ንቀቱ እንዲለቀኝም አልፈልግም።

እናኑ በማግስቱ በማለዳ ሳጥኗን ከፈተች። አበባ የጠለፈችበትን መሐረብ አውጥታ ወደ አባ ስንሻው ግቢ ሄደች፤ በባለመሐረቡ መስኮት ሥር ነው ያለፈችው። አባ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ የአንገታቸው ሰንበር ገና አልጠፋም። ላብዎን ይጥረጉበት ብላ መሐረቡን ሰጠቻቸው።